የጋሽ ተሾመ ቆጠራና የእኔ ላይቭ

ዛሬ አራት ሰዓት ላይ የብሎካችን ኩራት ነበርኩ። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ከፓምፕ ቤቱ በር ጀርባ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጎትቼ ቆሜ ነበር።

የዛሬው ጉድ በመሃል ያለችው ግማሽ ሰዓት ናት። ቁጭ በሉና ስሙኝ፣ ግን አትቸኩሉ። ወሬው ራሱ ስለ መቸኮል ነው።

ላይቩን ገብታችሁ ያያችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ስማችሁን አንድ በአንድ አይቻለሁ። ስክሪን ሪከርድ አላደረግንም በሉኝ። ውሸትም ቢሆን በሉኝ፣ ልረጋጋ።

ላላያችሁት ደግሞ ከሥሩ ልጀምር።

የምኖረው ገላን ኮንዶሚኒየም ነው፣ ከእናቴ ጋር፣ የመጨረሻው ፎቅ ላይ። የቧንቧ ውሃ የሚመጣልን በፈረቃ ነው፤ በሳምንት ሁለት ቀን፣ እሱም ደስ ካለው። ሲመጣ ምድር ላይ ያለውን ታንከር ይሞላል። ከዚያ ጣሪያው ላይ ወዳለው ታንከር የሚገፋው አንድ ፓምፕ ነው። አንድ ብቻ! ቢቃጠል የሚተካው ሌላ የለም።

ፓምፑ ከሠራ ሰው ነን። ካልሠራ ጀሪካን ተሸካሚ ነን።

እኔ ልሸከም፣ ወጣት ነኝ። ከጎናችን ያሉት እትዬ ዘነበች ግን ጉልበታቸው ከከዳቸው ቆይቷል። ባዶ እጃቸውን ሲወጡ እንኳ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ተቀምጠው ያርፋሉ። ፓምፑ በቆመባቸው ሳምንታት ጎረቤት ላለማስቸገር ብለው ፊታቸውን በአንድ ብርጭቆ ውሃ ሲታጠቡ አይቻቸዋለሁ። ብርጭቆዋን አልረሳትም።

እንግዲህ ይህን ፓምፕ የሚያዘው አንድ ትንሽ ሳጥን ነው። ሳጥኑን የሠሩት ጋሽ ተሾመ ናቸው፤ አንደኛ ፎቅ የሚኖሩ፣ እዚሁ አቃቂ በአንድ ፋብሪካ ውስጥ በኤሌክትሪክ ጥገና ዕድሜያቸውን ጨርሰው ጡረታ የወጡ ሰው። ከተጣለ ማሽን ውስጥ ቺፕ አወጡ፣ ሳጥን ውስጥ አስገቡት፣ ከዚያ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ጻፉለት።

አዎ፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተም። አትሳቁ!

ስልካችሁ ላይ ያለው ዓይነት አይደለም፣ ስክሪንም የለው። ሥራው ግን ያው ነው። ቺፑ አንድ ነው፣ ሥራው ብዙ ነው። የላይኛውን ታንከር ማየት አለ፣ የታችኛውን ማየት አለ፣ የፓምፑን ዲናሞ ማስነሳትና ማቆም አለ፣ ችግር ሲመጣ መጮህ አለ። ሁሉም «እኔ ልቅደም» ይላል። ታክሲ ተራ ላይ የሚቆመውን ተራ አስከባሪ አስቡት፤ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ማለት እሱ ነው፣ ስድቡ ሲቀነስለት።

ጋሽ ተሾመ ይህን ሁሉ የጻፉት በእርሳስ፣ ባለ ካሬ ደብተር ላይ፣ ቺፑ በሚገባው በራሱ ቋንቋ ነው። አንዱን መስመር አንብቡትና ሲገባችሁ ንገሩኝ፤ እኔ ዲግሪ ይዤም ራሴን አሞኝ ነበር።

ከሁለት ወር በፊት ቺፑ ሞተ።

የኮሚቴያችን ሰብሳቢ ከድር፣ ምድር ቤት ሱቅ ያለው፣ ይዞኝ መርካቶ ሄደ። የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴው ቺፑን በጣቱ ገልብጦ አየውና ይሄ አሁን አይመጣም ብሎ መለሰልን። ሌላ ቦታ ሄድን፣ እሱም ያንኑ አለን። ሦስተኛው ጭራሽ ከየት አመጣችሁት ብሎ ፎቶ አነሳው።

ያለው አዲስ ቺፕ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ግን ዘሩ ሌላ ነው። የድሮውን ትእዛዝ ብትሰጡት አንድ ቃል አይገባውም። ስለዚህ ያ ደብተር ከመጀመሪያ ገጽ እስከ መጨረሻው ለአዲሱ ቺፕ እንደገና መጻፍ ነበረበት።

ማን ይጻፈው? ገና ጥያቄው ሳይጠየቅ እጄን አወጣሁ።

ቦሌ አንድ ቢሮ ውስጥ አፕ የምሠራ ልጅ ነኝ። አፕ ማለት ቁልፉን ሰማያዊ አድርጊው ሲሉኝ ሰማያዊ የማደርገው፣ በማግስቱ አረንጓዴ አድርጊው ሲሉኝ አረንጓዴ የማደርገው ነገር ነው። ዕድሜዬን በሙሉ አንድ ሰው «ኦፕሬቲንግ ሲስተም ቀይሪልን» እስኪለኝ ስጠብቅ ነበር። ከድር ሳይለኝ ሰማሁት።

ጋሽ ተሾመ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልለው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። «ልጄ፣ ሌላ ኮፒ የለውም» አሉኝ።

ይቺን ያዙልኝ፣ በኋላ ታስፈልገኛለች።

ቅዳሜና እሑዴን ሁሉ ለዚያ ደብተር ሰጠሁ። ደብተሩ የሚገርም ነው። እኚህ ሰው ያለ ኮምፒውተር፣ ያለ ጎግል፣ በላጲስ እያጠፉ ነው ተራ ማስከበሪያውን የጻፉት! አንዳንዱ ገጽ ላይ ላጲሱ ወረቀቱን በስቶታል። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ኮፍያ ቢኖረኝ አወልቅላቸው ነበር።

ገና መጀመሪያው ላይ፣ ገጽ ሦስት ላይ ግን አንድ ነገር አግኝቼ ነበር።

ቺፑ ሲነሳ፣ ገና ምንም ሥራ ሳይጀምር፣ አንድ ትእዛዝ ይሰጠዋል። ቁጠር። እስከ ትልቅ ቁጥር። ሲጨርስ እንደገና ቁጠር፣ ደግመህ ቁጠር። የተቆጠረው ነገር የትም አይሄድም፣ ለማንም አይነገርም። ቆጠራው ሲያልቅ ሥራው ይጀመራል። ከጎኑ ማብራሪያ የለ፣ ምን የለ።

ምን አደረግሁ? የዘመኑ ልጅ የሚያደርገውን አደረግሁ። ከወጥ ቤታችን ወለል ላይ፣ ፍሪጁ አጠገብ ተቀምጬ ፖስት ጻፍኩ።

ታስታውሱታላችሁ። «የድሮ ኮድ እያነበብኩ ነው። ሰውየው ቺፑን ቁጠር ይለዋል። ቺፑ ይቆጥራል። ይጨርሳል። ምንም አይሆንም። እንደገና ይቆጥራል። ይሄ ቺፕ የመንግሥት ሠራተኛ መሆን አለበት።»

ሳቃችሁ እኮ! ከታች «አበል ታስቦለት ነው» ያላችሁም አላችሁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ ለጋሽ ተሾመ ክብር ብዬ፣ እንደ ቅርስ ይቀመጥ ብዬ፣ ቆጠራውን ሳልነካው ወደ አዲሱ ቺፕ እንዳለ አሻገርኩት። ቁጥሩን ሳይቀር።

አሁን አንድ ሌላ ነገር ልንገራችሁ። ብሎካችን ውስጥ ሕፃን ሳይቀር የሚያውቀው ነገር ነው። ድሮም መብራት ሄዶ ሲመጣ ፓምፑ ወዲያው አይነሳም ነበር። አሥር ደቂቃ ይቆያል። እኔ ራሴ ሳሙና ጭንቅላቴ ላይ አድርጌ ስንቴ ረግሜዋለሁ። ሁላችንም ቺፑ ስላረጀ ነው እንል ነበር፤ «ይሄ ሽማግሌ ፓምፕ» ነበር ስሙ።

እናንተ አሁን ሁለቱን ነገር አገናኝታችኋል፣ አይደል?

እኔ አላገናኘሁም። እኔ ዲግሪ አለኝ።

ያለፈው እሑድ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ተነስቼ ንግግር አደረግሁ። አዲሱ ቺፕ በጣም ፈጣን መሆኑን ነገርኳቸው። ከእንግዲህ አሥር ደቂቃ መጠበቅ ቀርቷል፣ መብራት በመጣበት ቅጽበት ውሃ አለ አልኩ። ተጨበጨበልኝ። እትዬ ዘነበች ተመረቂ ብለው እጄን ሳሙኝ። እጄን!

ጋሽ ተሾመ አላጨበጨቡም። ሁሉም ሲበተን ጠጋ ብለው ቆጠራው አለ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አለ፣ አንድ ቁጥር አልነካሁም አልኳቸው። እውነቴን ነበር። ፊታቸው በራ። ከዚያ ግን አዲሱ ቺፕ ምን ያህል ይፈጥናል አሉኝ። ከድሮው ጋር አይወዳደርም ጋሽዬ አልኩ፣ እየሳቅሁ። የቺፑ መጽሐፍ ካለሽ አውሺኝ አሉ።

ከኢንተርኔት አውርጄ ያተምኩትን ወፍራም ወረቀት ሰጠኋቸው። እንግሊዝኛ ነው፣ ፊደሉ ደቃቅ ነው። ለመሰነባበቻ ይሆናቸዋል ብዬ ነው የሰጠሁት፤ ሰው ሥራውን ሲያስረክብ ይከፋዋልና ይጽናኑበት ብዬ። ስለራሴ ደግነት ልቤ ተነካ።

በሳምንቱ ውስጥ ሁለት ጊዜ አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥተው ፈለጉኝ። እናቴ ነግራኛለች። እኔ ከቦሌ ገላን እስክደርስ ሰው ተኝቷል። ቅዳሜ አገኛቸዋለሁ አልኩ። ቅዳሜ ፀጉሬን ስሠራ ዋልኩ። ለላይቩ ነዋ።

ዛሬ ደረሰ።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰው ግቢው ውስጥ ተሰበሰበ። ከድር ከሱቁ ወንበር አወጣ። ስልኬን ብሎኬት ላይ ደግፌ አቆምኩና ላይቭ ገባሁ። ዛሬ ታሪክ ይሠራል አልኳችሁ፣ አስታውሳለሁ፣ ድምፄንም አስታውሳለሁ።

ጋሽ ተሾመ ኮታቸውን ለብሰው መጡ። እጃቸው ላይ አራት ጊዜ የታጠፈ ወረቀት አለ። ልጄ አንድ ደቂቃ አሉኝ። ከላይቩ በኋላ ጋሽዬ አልኳቸው። ቀጥሎ ያለውን ለመናገር ያሳፍረኛል፤ ስለ አዲሱ ሥራ ቅር ብሏቸው ንግግር ሊያደርጉ ነው ብዬ ጠረጠርኩ።

አልተቆጡም። ወረቀቱን ኪሳቸው ከተቱና ሄደው ከፓምፑ ብሬከር አጠገብ ቆሙ። ያንን ሁሉ ጊዜ እዚያው ቆሙ፣ አንድ እጃቸውን ብሬከሩ ላይ ጣል አድርገው። ካሜራ ውስጥ መግባት ፈልገው ነው ብዬ ስልኩን ትንሽ ወደሳቸው አዞርኩላቸው።

ደግነቴ ማለቂያ የለውም።

ቁልፉን ተጫንኩ። ፓምፑ ተነሳ። ድምፁ እንዴት ያምራል! ውሃው በቧንቧው ሲወጣ ተሰማ፤ ከላይ ከመስኮታቸው እትዬ ዘነበች እልል አሉ። ከድር ፊቱ በሳቅ ተሞላ። ልቤ እርግጠኛ ነበር፤ እንደዚያ ተደስቼ አላውቅም።

ከዚያ መብራት ሄደ።

ገላን ነዋ! ሰው ሁሉ «አይ» አለ። እኔ ግን ደስ አለኝ። ምክንያቱም ላሳያችሁ የፈለግኩት ይህንኑ ነበር። ወደ ስልኬ ዞሬ አሁን መብራት ሲመጣ እዩት፣ አሥር ደቂቃ የለ፣ ምን የለ አልኳችሁ።

ብዙም አልቆየ፣ መጣ። አንድ፣ ሁለት ሳልል ፓምፑ ተነሳ። ጭብጨባው ቀለጠ። እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ ቆምኩ።

እጄ እንደተዘረጋ የፓምፕ ቤቱ አምፖል ደከመ። ቀላ፣ እንደ ፍም። ፓምፑ ማውራቱን ትቶ ማቃሰት ጀመረ። የሆነ የተቃጠለ ቫርኒሽ የመሰለ ሽታ አፍንጫዬን ሲነካኝ ምን እንደሆነ አልገባኝም።

ጋሽ ተሾመ ብሬከሩን አወረዱት።

ፓምፑ ቆመ። ጭብጨባውም ቆመ። እኔ ግን አልቆምኩም። በእናንተ ሁሉ ፊት፣ በጎረቤቶቼ ሁሉ ፊት፣ «ጋሽ ተሾመ፣ ምን ነካዎት? ላይቭ ላይ እኮ ነን!» ብዬ ጮህኩባቸው።

አባቴ በሚሆን ሰው ላይ። አባቴ ቢሰማኝ ዕድሜ ልኬን አያናግረኝም።

በጣታቸው አምፖሉን አሳዩኝ። ፓምፑ ጠፍቷል እንጂ መብራቱ እዚያው እየተጫወተ ነበር። ጠፋ። መጣ። ደከመ። ጠፋ። እንደገና መጣ፣ አሁን ግን ነጭ ሆኖ፣ ዓይን የሚወጋ ሆኖ። ከዚያ አምፖሉ ጧ ብሎ ፈነዳ።

ግቢው ፀጥ አለ።

በዚያ ፀጥታ ውስጥ፣ ከአራተኛ ፎቅ መስኮት፣ የእናቴ ድምፅ መጣ። «ማህሌት! ፍሪጁን ነቅያለሁ፣ አታስቢ! ሲረጋ ነው የምሰካው!»

ላይቭ ላይ። በጠራ ድምፅ።

አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ይህን ሊያስረዱት አያስፈልግም። መብራት ሲመጣ ፍሪጅ አይሰካም። ቴሌቪዥንም አይሰካም። መጀመሪያ ይጠበቃል። ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ከዚያ ይረጋል። ሲረጋ ይሰካል። ይህን ያስተማረኝ ዩኒቨርሲቲ አይደለም፤ ሰባት ዓመቴ ላይ ሶኬቱን ልሰካ ስሮጥ እጄን በጥፊ ያለችኝ እናቴ ናት።

ቆጠራው ምን እንደነበረ ያኔ ገባኝ።

ቺፑ ሲነሳ የሚቆጥረው ፍሪጅ ከመሰካታችን በፊት የምንጠብቃትን ደቂቃ ነው። አሥር ደቂቃ። በመሃል መብራት ብልጭ ካለ ቺፑ እንደገና ይነሳል፣ ከአንድ ጀምሮ ይቆጥራል። አሥር ደቂቃ ሙሉ ካልረጋ ዲናሞውን አያስነሳም። ያ ሽማግሌ ፓምፕ ያልነው ነገር አላረጀም፤ እየጠበቀልን ነበር።

አዲሱ ቺፕ ደግሞ ያንኑ ቁጥር በታማኝነት ቆጠረ። ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ!

ጠረጴዛዬ ላይ ስፈትነው ለምን አልታየኝም ትሉ ይሆናል። በፓምፑ ፋንታ ትንሽ መብራት አድርጌ ነበር፣ ኃይሉንም ከላፕቶፔ ነበር የሰጠሁት። ላፕቶፕ ባትሪ አለው። ባትሪ ገላን አይኖርም።

ከዚህ በኋላ ነው ከበሩ ጀርባ የገባሁት። ላይቩን እንኳ አልዘጋሁም፤ ስልኩ ብቻውን ብሎኬት ላይ ቆሞ ባዶ ወንበር ሲያሳያችሁ ነበር አሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። የታየኝ ግን ላይቩ አልነበረም። የእትዬ ዘነበች ብርጭቆ ነበር የታየኝ። ዲናሞው ተቃጥሎ ከሆነ ስንት ወር በብርጭቆ እንደሚታጠቡ እያሰብኩ አለቀስኩ፣ እውነቱን ልንገራችሁ።

ጋሽ ተሾመ መጥተው በሩን ቀስ አድርገው ገፉት። መዳፋቸው ጥቁር ሆኗል፣ ዲናሞውን ሲዳብሱ ነበር።

«ውጪ ልጄ። ሞቋል እንጂ አልተቃጠለም።»

ይቅርታ ለማለት አፌን ስከፍት ያቺን የታጠፈች ወረቀት ሰጡኝ። በእርሳስ የተጻፈ የሂሳብ መዓት ነው። ያንን ደቃቅ እንግሊዝኛ ሳምንቱን ሙሉ በመነጽር ሲያነቡ ከርመዋል። አዲሱ ቺፕ አንዱን ቆጠራ በምን ያህል ጊዜ እንደሚጨርስ አስልተው፣ አሥር ደቂቃ እንዲሞላ እስከ ስንት መቁጠር እንዳለበት አውጥተውታል። ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው የጨረሱት። አንድ ደቂቃ ያሉኝ ይህንን ሊሰጡኝ ነበር።

እኔ ከላይቩ በኋላ ስላልኳቸው ሄደው እጃቸውን ብሬከሩ ላይ አደረጉ። የፈለጉት ካሜራ ውስጥ መግባት አልነበረም።

ይህ ሁሉ ሆኖ እንኳ ልቤ አልተሸነፈም፣ ትንሽ ተከራከርኩ። «ጋሽዬ፣ ለምን እንደሚቆጥር ደብተሩ ላይ ቢጽፉት ኖሮ እኮ...»

ከልባቸው ገርሟቸው አዩኝ። «አቃቂ ለሚኖር ሰው ይሄ ይጻፋል እንዴ?» አሉ።

እናንተ ምን ትሉ ነበር?

ከዚያ ትንሽ ፈገግ አሉና ፖስቴን ልጃቸው እንዳነበበችላቸው ነገሩኝ። ቺፑ የመንግሥት ሠራተኛ ነው ያልኩትን። እኔ መሞቻዬን ስፈልግ እሳቸው ጥሩ ቀልድ ነው፣ ስቄበታለሁ አሉ። ፖስቱን ሰምተውም ነው ሁለት ጊዜ አራተኛ ፎቅ ድረስ የወጡት። አንድም ክፉ ቃል ሳይወጣቸው።

ወጣሁ። ስልኬ ጋ ሄጄ፣ ሰዉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ፣ ፓምፑን ያተረፉት ጋሽ ተሾመ እንደሆኑ፣ የጮህኩባቸው እኔ እንደሆንኩ ተናገርኩ። ድምፄ ተንቀጥቅጧል፤ አዎ፣ ያ ኔትወርክ አልነበረም። ከዚያ ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ልስም ስል ያዙኝና መጀመሪያ ቁጥሩን አስተካክዪ አሉኝ።

ላፕቶፔን ከፈትኩ። የእሳቸውን ቁጥር በካልኩሌተር ፈተሽኩት። ሁለት ጊዜ። አንዱ ከጥንቃቄ ነው፣ ሁለተኛው ከቅናት። ልክ ነው።

አስገባሁት፣ መብራቱም የተረጋ መሰለ፣ ብሬከሩን መለስን። ቆጠራው ጀመረ።

አሥር ደቂቃ ቆሞ መጠበቅ ምን ያህል ረጅም እንደሆነ አታውቁም። ከድር ሰዓቱን ያያል። እኔ ጫማዬን አያለሁ። ስምንተኛው ደቂቃ ላይ መብራት ብልጭ ብሎ ጠፋና ተመለሰ። ቺፑ ከአንድ ጀመረ። በሌላ ቀን ቢሆን ግቢው በእርግማን ይናወጥ ነበር። ዛሬ ግን አንድ ሰው አላጉረመረመም። ከኋላዬ አንዲት ሴትዮ ለባሏ ቀስ ብላ «እየጠበቀ ነው» ስትለው ሰማሁ።

ጋሽ ተሾመ ወንበራቸው ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ጸሎት መስሎኝ ጠጋ ስል እየቆጠሩ ነው።

ፓምፑ ተነሳ። አልተጨበጨበም፣ ሁላችንም ጆሯችንን ቧንቧው ላይ አድርገን ነበር። ቆይቶ ከላይ እትዬ ዘነበች በመስኮት ብቅ ብለው «መጣ» አሉ። እጃቸው እርጥብ ነበር።

ከሰዓት ደብተሩን በፌስታሉ ጠቅልዬ በሁለት እጄ ልመልስላቸው አንደኛ ፎቅ ወረድኩ። አልተቀበሉኝም። አንቺ ጋ ይቀመጥ አሉ። እሱም ኮፒ የሌለው ደብተር ነው፣ ነግሬያችኋለሁ። ገጽ ሦስትን ከፍተው ከቆጠራው ጎን ባዶውን ቦታ በእርሳሳቸው አሳዩኝ። ከአንቺ በኋላ ለሚመጣው ሰው ጻፊበት፣ እኔ ሳልጽፍ ነው የተሳሳትኩት አሉኝ።

እሳቸው ነው የተሳሳቱት! ሰምታችኋል?

አሁን ቤቴ ነኝ። መብራት ቅድም ሄዶ አሁን መጣ፣ እናቴ ገና አልፈቀደችም፤ ስለዚህ ፍሪጁ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀምጬ፣ ሶኬቱን በእጄ ይዤ ነው ይህን የምጽፍላችሁ። ያንን የፌዝ ፖስትም የጻፍኩት እዚሁ ቦታ፣ ልክ እንደዚሁ ሶኬት ይዤ ነው። መብራት እስኪረጋ እየጠበቅኩ፣ መብራት እስኪረጋ በሚጠብቅ ቺፕ ስስቅ ነበር።

ፖስቱን አላጠፋሁትም፤ ጋሽ ተሾመ ይቆይ ብለዋል። ገጽ ሦስት ላይ ግን፣ ከእሳቸው እርሳስ ጎን፣ በእኔ እስክሪብቶ ይህ ተጽፏል፦

«ይህ መስመር ምንም አይሠራም ብሎ የሚስቅ ኢንጂነር ቢመጣ፣ ከማጥፋቱ በፊት ፍሪጁን ለምን እንደምትነቅል እናቱን ይጠይቅ።»